የመረጃ ነፃነት አዋጁን ለወረዳ ሠራተኛ ማስተማር፦ ከደብዳቤውና ከመዝገብ ቤቱ ይጀምሩ

ጥያቄው፦ «በሰሜን ሸዋ ዞን በአንድ ወረዳ የኮሙኒኬሽን ጽ/ቤት እሠራለሁ። በየዓመቱ ስለ መረጃ ነፃነት አዋጅ ለመንግሥት ሠራተኛው ስልጠና እንሰጣለን። ፊርማ ይሰበሰባል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰው ይበተናል። በማግስቱ መረጃ ጠያቂ ሲመጣ መልሱ ያው ‹ኃላፊው የለም› ነው። ሠራተኛው ሕጉን ፈልጎ እንዲማር ምን ይደረግ? በጀታችን ትንሽ ነው።»

ምላሽ፦

ሠራተኛው «ኃላፊው የለም» የሚለው አዋጁን ስላልሰማ ብቻ አይደለም። ሰጥቶ ቢሳሳት ማን እንደሚጠይቀው አሳምሮ ያውቃል፤ ከልክሎ ቢሳሳት ግን የሚጠይቀው አካል መኖሩን አያውቅም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ዝምታን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ስልጠናው አንቀጽ ከማንበብ ከጀመረ ፍርሃቱ እንዳለ ይቀራል። መጀመሪያ ፍርሃቱን የሚያነሳ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይገባል።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት የስልጠና ሰነዳችሁን አንድ ጊዜ ያገላብጡት። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ስልጠና የሕጉን የተሳሳተ ክፍል ይዞ ነው የሚሄደው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ስሙ «የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ» ነው፤ ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ ይዟል። የመገናኛ ብዙኃኑ ጉዳይ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሚገዛ ሲሆን፣ ከ590/2000 ለእናንተ ሥራ የሚጠቅመው መረጃ ስለማግኘት መብት የሚደነግገው ክፍል ነው። ሰነዳችሁ ውስጥ ስለ ጋዜጣ ምዝገባና ስለ አዘጋጅ ኃላፊነት የሚያወራ ገጽ ካለ ያውጡት፤ የግብርና ባለሙያውንና የመሬት አስተዳደር ሠራተኛዋን «ይህ የጋዜጠኞች ሕግ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብለው እንዲያስቡ ያደረጋቸው ያ ገጽ ነው። ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። ከጅሩ ስንዴውን ሸጦ ግብር የሚከፍለው ገበሬ ከደብረ ብርሃን የመጣ ጋዜጠኛ ያለው መብት አለው። በዚያው አጋጣሚ ከስልጠናው በፊት በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዲስ ሕግ ወይም ማሻሻያ መኖር አለመኖሩን ከዞኑ ፍትሕ መምሪያ ያረጋግጡ፤ አሮጌ አንቀጽ ከማስተማር ያድናል።

አንድ የወረዳ ሠራተኛ በቃሉ ሊይዘው የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፤ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ያልቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነፃነትን ያረጋግጣል። አዋጁ ይህን ወደ ጠረጴዛ ያወርደዋል። በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ መነሻው ክፍት ነው፤ የሚዘጋው በአዋጁ በተዘረዘረ ምክንያት ብቻ ነው። ጠያቂው ለምን እንደፈለገው እንዲያስረዳ አይገደድም። ጥያቄውን የሚቀበለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ቢጠይቅ ጽፎ የመመዝገቡ ሥራ የጽ/ቤቱ ነው። መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ክልከላ ከሆነ በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተጠቅሶ ነው። ከሰነዱ የሚከለከለው ከፊሉ ብቻ ከሆነ ያ ተሸፍኖ ሌላው ይሰጣል። ያልረካ ሰው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ዝርዝር የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይወቀው፤ ሁሉም ሰው ሠላሳ አንቀጽ እንዲሸከም ማድረግ ማንንም አላስተማረም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። አንድ የመረጃ ጥያቄ በወረዳ ጽ/ቤት የሚሄድበትን መንገድ በዓይነ ሕሊናዎ ይከተሉት። ማመልከቻው የሚጻፈው «ለ… ጽ/ቤት ኃላፊ» ተብሎ ነው። መዝገብ ቤት ገቢ ይደረጋል፣ ቀንና ቁጥር ይመታበታል፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ኃላፊው ዞን ስብሰባ ላይ ነው፤ ወይም መስክ ወጥቷል። በአራተኛው ቀን ይመለሳል፣ ከሃምሳ ወረቀት መካከል ያገኘዋል፣ ጥግ ላይ «ይታይ» ብሎ ይፈርምበታል። ባለሙያው «ይታይ» የሚለውን ሲያይ ስጥ ይሁን አትስጥ አልገባውም፤ መልሶ መጠየቁን ይፈራል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ገበሬው ሦስተኛ ጊዜ ከቆላው ተነሥቶ ሽቅብ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ይህ ቀላል በደል አይደለም፤ የአንድ ቀን ሥራው፣ የመኪናው ዋጋ፣ የመንግሥት ነገር ላይ የነበረው እምነት አብሮ ሄዷል።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ኃላፊው አንድ ጊዜ ፈርሞ የሚበትነው የውክልና ደብዳቤ ነው። ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ፦ «ከዚህ ጋር በተያያዘው ዝርዝር በ‹ሀ› ምድብ የተመለከቱትን ሰነዶች በሚመለከት የሚቀርብ የመረጃ ጥያቄ የእኔን ምሪት ሳይጠብቅ ሰነዱ በእጁ የሚገኝ ባለሙያ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ግልባጭ እየሰጠ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያስተናግድ፣ በ‹ለ› ምድብ ያሉትን የሚሸፈነው ተሸፍኖ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በኩል እንዲሰጥ፣ በ‹ሐ› ምድብ ያሉት ለእኔ እንዲቀርቡ ወስኛለሁ። በዚህ አግባብ ለተሰጠ መረጃ ኃላፊነቱ የጽ/ቤቱ ነው።» የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር አትቅር። ሠራተኛው አንብቦ ትከሻው ቀለል የሚለው እዚያ ላይ ነው። 3 እና 10 ቀን የሚሉት የጽ/ቤቱ የውስጥ ገደቦች ናቸው፤ ሕጉ የሰጠው 30 ቀን የመጨረሻው ጠርዝ እንጂ የዕለት ተዕለት መለኪያ እንዳይሆን ነው የሚቀመጡት።

ምድቡን ደግሞ እርስዎ ብቻዎን ጽፈው አያምጡት። የትምህርቱ ዋና ሥራ ምድቡ ራሱ ነው። ከ12 እስከ 15 ሰው፣ ከተለያየ ክፍል፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይሰብስቡ። ከሳምንት በፊት በየክፍሉ ዞረው ሼልፍ ላይ ያሉትን የሰነድ ዓይነቶች ስም ብቻ ይልቀሙ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለአራት ይቆረጣል፤ 10 ወረቀት 40 ካርድ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ሰነድ ይጻፍ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ያቺን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት አብረው ያንብቡ። ከዚያ 45 ደቂቃ ሙሉ ሠራተኛው በሦስት በሦስት ሆኖ ካርዶቹን በሦስት ክምር ይደርድር፦ ይሰጣል፣ ተሸፍኖ ይሰጣል፣ ለኃላፊ ይቀርባል። በማንኛውም ካርድ ላይ «አይሰጥም» ያለ ቡድን ከአዋጁ የትኛው ምክንያት እንደሆነ ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፍ። ምክንያት ካጣ ካርዱ ክምር ይቀይራል። ይህ ደንብ አይላላ፤ «የውስጥ መረጃ ነው» የሚባለው ነገር በአዋጁ ውስጥ ምክንያት አለመሆኑን ሰው የሚያየው ካርዱን ይዞ ምክንያት ሲፈልግ ነው።

ክርክር የሚነሣባቸውን ካርዶች አስቀድመው ያስቡባቸው። የጸደቀ በጀት፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ መመሪያ፣ የአገልግሎት ክፍያ ተመን፣ በቀበሌ የተመደበ የማዳበሪያ መጠን፤ እነዚህ ያለ ጭቅጭቅ «ሀ» ናቸው፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ሳይጠየቁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለባቸው ናቸው። የታካሚ ካርድ፣ የሠራተኛ የግል ማኅደር፣ በምርመራ ላይ ያለ የፖሊስ መዝገብ፣ የሚሊሻ ስምሪት «ሐ» ይገባሉ። ጨረታ ግን በቀኑ ይለያያል። ሳይከፈት የተጫራቾች ዋጋ ዝግ ነው። አሸናፊው ከተገለጸ በኋላ ማን እንዳሸነፈና በስንት ብር እንዳሸነፈ ይሰጣል፤ የተጫራቹ የንግድ ምስጢር የሆነው የቴክኒክ ዝርዝር ግን እንደተጠበቀ ይቆያል። የካቢኔ ሰነድም እንደዚሁ ያጨቃጭቃል፤ ካቢኔው የተወያየበት ቃለ ጉባኤ አንድ ነገር ነው፣ በውሳኔው መሠረት ለቀበሌዎች የተላለፈው ደብዳቤ ሌላ ነገር ነው። በተጨማሪ አንድ ሰው የራሱን ማኅደር ሲጠይቅ «የግለሰብ ምስጢር ነው» ብሎ መመለስ ስህተት ነው። ምስጢሩ የተጠበቀው ለእርሱ ነው፤ ከእርሱ ሊደበቅ አይደለም።

በክፍለ ጊዜው ውስጥ ሰፊ ሰዓት ሊመደብለት የሚገባው «ለ» ምድብ ነው፤ ሠራተኛው እጁ የሚያጥረው እዚህ ላይ ስለሆነ። የማዳበሪያ ስርጭት ዝርዝርን እንውሰድ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጎጥ፣ የወሰደው ኩንታል፣ የከፈለው ብር፣ ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የጣት አሻራ አለበት። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ኮታው በትክክል መድረሱን ነው። ስልኩ፣ መታወቂያ ቁጥሩና አሻራው ይሸፈናሉ፤ ኩንታሉና ብሩ ይታያሉ። ስሙ ይታይ ወይስ ይሸፈን የሚለው የግል ሕይወትን ከሕዝብ ጥቅም ጋር ማመዛዘን የሚጠይቅ በመሆኑ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ወስኖ ምክንያቱን መዝገቡ ላይ ይጻፍ። ሲሸፈን ዋናው ሰነድ አይነካም። ኮፒው ላይ በጥቁር ማርከር ይሰረዝ፣ ከዚያ ያ የተሰረዘው ኮፒ እንደገና ኮፒ ተደርጎ ሁለተኛው ኮፒ ይሰጥ። የመጀመሪያውን ከሰጡ ወረቀቱን ወደ መስኮት ብርሃን አንሥቶ ከማርከሩ ሥር ያለውን ቁጥር ማንበብ ይቻላል። በኮምፒውተር ያለ ሰነድ ላይ በጥቁር ቀለም ሸፍኖ ፋይሉን በቴሌግራም መላክ ከዚህም የባሰ ነው፤ ተቀባዩ ቀለሙን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ያነባል። በኤክሴል የተደበቀ ዐምድም በአንድ ጠቅታ ይገለጣል። ታትሞ፣ ተሸፍኖ፣ ስካን ተደርጎ ይላክ። ይህን በክፍለ ጊዜው ውስጥ ማርከር አስይዘው በተግባር ያሠሯቸው፤ ወረቀቱን አንድ ጊዜ በብርሃን ያየ ሠራተኛ አይረሳውም።

የቀረውን ግማሽ ሰዓት ለቃል ጥያቄ ይስጡት። አንዱ ሠራተኛ ገበሬ ሆኖ ይምጣ፦ «ልጄ፣ ለቀበሌያችን ዘንድሮ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ነው የመጣው?» በተለምዶ የሚመጣው የመጀመሪያ ምላሽ «ለምን ፈለጉት አባቴ?» የሚል ነው። እዚያ ላይ ያስቁሙት። ሠራተኛው ሊጠይቅ የሚገባው «ለምን» ሳይሆን «የትኛውን» ነው፦ «የበልጉን ነው የመኸሩን አባቴ? ዩሪያውን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም ዓይነት?» በተለይ በመንዝና በጣርማበር ደጋ በልግም መኸርም ስለሚዘራ ይህ ካልተለየ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥና ጠብ ይነሣል። ከዚያ ሠራተኛው የሰማውን በአንድ መሥመር ይጻፍ፣ ለጠያቂው ያንብብለት፣ ስሙን ወይም አሻራውን ያስፍር፣ አንድ ቅጂ ይስጠው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ማለትም ከ«ለምን» ጋር አንድ ነው፤ አይጠየቅም።

መዝገቡን በተመለከተ ባለ 100 ገጽ ደብተር በማስመሪያ ተሰምሮ ይበቃል። የገባበት ቀን፣ የጠያቂ ስም፣ የተጠየቀው ነገር፣ ማን እጅ እንዳለ፣ የመጨረሻ ቀን፣ የተሰጠበት ቀን፣ ካልተሰጠ ምክንያቱና አንቀጹ፣ የተቀባይ ፊርማ። «የመጨረሻ ቀን» የሚለው ዐምድ ገና ሲመዘገብ በቀይ እስክሪብቶ ይሞላ። በእኛ አቆጣጠር ይህ ቀላል ነው፤ ወሩ ሠላሳ ስለሆነ ጥቅምት 5 የገባ ጥያቄ ኅዳር 5 ላይ ያልቃል። የሚያሳስተው ዓመቱ ሲዞር ነው፤ ነሐሴ 20 የገባ ጥያቄ ጳጉሜን አምስት ቀን ስለምትጨምር መስከረም 15 ላይ ያልቃል እንጂ መስከረም 20 ላይ አይደለም። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14። በዚያ የበዓላት ሰሞን ጥያቄ በቀላሉ ስለሚዘነጋ መዝገብ ቤቷ ያለችው ሠራተኛ ይህን ስሌት ትወቀው። መዝገብ ቤት ስል በዋዛ አይደለም። ወረቀቱ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ስልጠና ሲጠራ ግን መዝገብ ቤትና ጥበቃ ሁልጊዜ ይቀራሉ። በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ባለጉዳይ አይገባም» የሚለውን ሰው ያላስተማረ ስልጠና ውስጥ ያሉትን ማስተማሩ ብዙ አይረዳም።

አሁን «ፈልጎ እንዲማር» ወዳሉት ልምጣ። አበል ሰውን አዳራሽ ያመጣል፤ አያስተምርም፤ እንዲያውም አበል በሌለበት ቀን ማንም እንዳይመጣ ያደርጋል። ቡናና ዳቦ ይበቃል፤ ቦታው የራሳችሁ ጽ/ቤት ይሁን፤ ሰዓቱ ባለጉዳይ የማይበዛበት ይሁን። የገበያ ቀን በፍጹም አያድርጉት፤ የገጠሩ ሰው ጥያቄውን ይዞ ከተማ የሚገባው በዚያ ቀን ነው። ከአበል ይልቅ የሚያስኬደው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። በእያንዳንዱ ሠራተኛ ዕቅድ ውስጥ አንዲት መሥመር ትግባ፦ «የቀረበለትን የመረጃ ጥያቄ በጽ/ቤቱ የጊዜ ገደብ ውስጥ ማስተናገድ»። ነጥቡ ከመዝገቡ ላይ በቀን ልዩነት ይሰላ። «ስልጠና ወሰደ» የሚል ነጥብ አይስጡ፤ ያኔ ፊርማ ፍለጋ ይመለሳል። ደግሞ የሰጠው ብዛት አይቆጠር፤ ጥያቄ ያልቀረበለት ሠራተኛ ያለ ጥፋቱ ይጎዳል፣ ሌላው ደግሞ የሐሰት ጥያቄ መመዝገብ ይጀምራል። በሕጉ መሠረት በጽሑፍ፣ በምክንያት የከለከለም ሙሉ ነጥቡን ያግኝ። ትክክለኛ ክልከላ ራሱን የቻለ ጥሩ ሥራ ነው፤ የአንድ ሰው የኤችአይቪ ውጤት ያለበትን ካርድ አሳልፎ አለመስጠት የዚሁ ሕግ አንዱ ግዴታ ነው።

ሌላው የሚያነቃቃው ነገር ሠራተኛው ራሱ ጠያቂ ሲሆን ነው። የደረጃ ዕድገት ውድድር ነጥቡ እንዴት ተሰላ፣ የትምህርት ዕድል ኮታ ለማን ተሰጠ፣ የዝውውር ቅደም ተከተል የት ደረሰ፤ ሠራተኛው ዘወትር የሚያጉረመርምባቸው እነዚህ ናቸው። በክፍለ ጊዜው ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ የራሱን ጥያቄ በቅጹ ላይ ይጻፍ። ፈቃደኛ የሆነ እውነተኛውን ጥያቄ ለሰው ሀብት ያስገባ፤ መዝገቡ በራሱ ሠራተኞች ጥያቄ ይከፈት። መልስ ሲጠብቅ የሰነበተ ሰው የሌላውን መጠበቅ ያውቃል።

ለማስታወሻ የሚመች ቀን ከፈለጉ በየዓመቱ መስከረም 18 አካባቢ ዓለም አቀፉ የመረጃ ተደራሽነት ቀን ይውላል፤ ለእኛ የመስቀል ማግስት ነው። ሰው ከበዓል የሚመለስበት ስለሆነ ለስልጠና አይመችም። በዚያ ሳምንት ያለፈው ዓመት መዝገብ ማጠቃለያ፣ ስንት ጥያቄ ገባ፣ ስንቱ በጊዜው ተመለሰ፣ ስንቱ ተከለከለ የሚለው፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ ይበልጥ ይጠቅማል። ያው ማጠቃለያ ለዕንባ ጠባቂ ተቋም ለሚላከው ሪፖርትም ይሆናል። ተቋሙ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ ባለሙያ ለስልጠና ከፈለጉ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ሲመጣ ግን ካርዶቹን ሠርተው ይጠብቁት፤ ያኔ ጊዜው በመግቢያ ንግግር አያልቅም።

ከሁሉ በላይ ሥራውን የሚያፈርሰው የሰው መቀያየር ነው። አዲስ ምደባ ይመጣል፣ የሰለጠነው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፣ መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መዝገቡ፣ ያልተመለሱት ጥያቄዎችና የምድብ ዝርዝሩ በርክክብ ሰነዱ ላይ በስም ይግቡ፤ ከኮምፒውተሩና ከማኅተሙ ቀጥሎ። የውክልና ደብዳቤውም ፈራሚው ሲቀየር አዲሱ ኃላፊ በመጀመሪያው ወር ውስጥ እንደገና ይፈርምበት፤ «የቀድሞው ሰው የጻፈው ነው» ተብሎ እንዳይተው። ኃላፊው ደብዳቤውን ለመፈረም ካመነታ ካርዶቹን ይዘው ቢሮው ይግቡና በ«ሀ» ምድብ አምስቱን ብቻ ያስፈርሙት፤ በጀት፣ ሪፖርት፣ የክፍያ ተመን፣ መመሪያና የማዳበሪያ ኮታ። ለሦስት ወር ይሞከር፣ መዝገቡ ይታይ፣ ከዚያ ዝርዝሩ ይስፋ። ፊርማው እስኪገኝ ድረስ ግን ስልጠናውን አይጥሩ።